ያላየሁት ቀኝ ጎን

ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ይልቃል፣ አስፋልት ገና ላልደረሰበት ካምፕ፤

እንደምን ከረምክ? ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ለመጻፍ ስልኬን መጠየቅ ነበረብኝ፤ እንዳትስቅብኝ።

ትናንት ቅዳሜ ደጋግመህ ስትደውል አንዳችንም ስልክ ስላላነሳንልህ ይቅርታ አድርግልን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሃይሚን «ስልክሽን ዝጊና ትንሽ ተኚ» ያልኳት እኔ ነኝ። ስልኩን ዘጋችው፣ እንቅልፉን ግን አልተኛችውም። ፎቶውን የላከችልህ ሰርክ ናት፣ የሃይሚ ደባል። ደግ ልብ አላት፣ ግን ከቦንጋ ወዲያ ድንኳን ውስጥ ለብቻው ለተቀመጠ አባት የሆስፒታል ልብስ የለበሰች ልጁን ያለ አንድ ቃል መላክ ምን እንደሚያደርግ አላሰበችም።

አዎ፣ ገሊላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። አሁን ደህና ናት። ይህን እንደ ሐኪም ነው የምነግርህ። ዛሬ ጠዋት ጡት ጠብታለች፣ የአንገቴንም መታወቂያ ጎትታ ልትበላው ስትሞክር ነበር።

ምን ሆና ነው ላልከው፦ አንዱ የአንጀቷ ክፍል ወደ ቀጣዩ ክፍል ውስጥ ገብቶ ነው። የሹራብ እጅጌ ስታወልቀው ወደ ውስጥ እንደሚገባው ማለት ነው። በእሷ ዕድሜ፣ በአንድ ዓመት ከሁለት ወር፣ የተለመደ ነው፤ ማንም አላመጣባትም። ሕመሙ እየመጣ ይሄዳል። ሕፃኑ ጉልበቱን ሆዱ ላይ ሰብስቦ ይጮኻል፣ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይተኛል። ቶሎ ካልተገኘ የታነቀው አንጀት ደም ያጣል። የገሊላም ትንሽ ክፍል ደም አጥቶ ስለነበር ቆርጠው አውጥተውታል። ከእጅህ መዳፍ ርዝመት አይበልጥም። ሳይኖራት ታድጋለች።

እንዴት አወቁ ላልከው፦ በአልትራሳውንድ። ድሮ እናታችንን ይዘን የሄድንበት ትልቁ፣ ክፍሉን የሚሞላው ዓይነት አይደለም። እኛ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መሣሪያውን እየገፋን ልጁ አልጋ አጠገብ እናመጣዋለን፤ ልጁ እናቱ ጭን ላይ እንደተቀመጠ፣ ሐኪሙ ራሱ ያያል። ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ሲመለስ ሥዕል ይሆናል። ጨረር የለውም፣ መርፌ የለውም። የገባው አንጀት በስክሪኑ ላይ ክብ ውስጥ ያለ ክብ ሆኖ ይታያል። ዶክተር ሲሞን፣ አለቃዬ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው ያገኘው። ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነበር፣ ልጅ ሳያለቅስ መልስ ይገኛል።

ሦስት ጥያቄ ጠይቀኸኝ ሁለቱን መለስኩ። መቼ ጀመራት ላልከው፣ እናቷ ሃይሚ ናት የምታውቀው። እሷን ጠይቃት።

እህትህ ናዝራዊት

ቦንጋ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዝ፤

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ እጄ የገባው ዛሬ ነው። ያው እንደምታውቂው ከካምፕ ወርደን ኔትወርክ የምናገኘው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እዚያው መኪናው ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሹፌራችን ሰው የሞተብኝ መስሎት ውሃ ገዝቶ አመጣልኝ።

እንዳልሽኝ ሃይሚን ጠየቅኳት። የጀመራት እሁድ በምሳ ሰዓት ነው አለችኝ፤ የቅበላ ዕለት። ሆስፒታል የገቡት ሰኞ ወደ ማታ ነው። ለምን ዘገየሽ ስላት «ሥራ ነበረብኝ» አለች። እንደገና ጠየቅኳት፣ እንደገና «ሥራ ነበረብኝ» አለች። ስታለቅስ እንኳ አልሰማሁም።

እንግዲህ አስቢው። የፌርፋክስ ሐበሻ ሰፈር ሰው ለጾሙ ሥጋውን ይሰናበታል፣ ሃይሚ ሬስቶራንቱ ውስጥ ትሪ ታመላልሳለች፣ ልጄ አንድ ጥግ ላይ ጉልበቷን ሰብስባ ትጮኻለች። እኔ ይህችን ልጅ ገና አልታቀፍኳትም፣ ናዝ። ሽታዋን አላውቀውም። ሃይሚ ነፍሰ ጡር ሆና ወደ እናንተ ስትመለስ ቦሌ ላይ «አደራ» ያልኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። አደራ በላች።

ክፉ ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። ምን እንዳልኩ ለአንቺ አልደግመውም። አልተጸጸትኩም።

አንቺ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፣ እንደ ሐኪም፣ ሳታስታምሚኝ። እሁድ ዕለት ቢወስዷት ኖሮ ሆዷ ይቀደድ ነበር?

ይልቃል

ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ሳላስታምምህ እመልሳለሁ። እሁድ ብትመጣ ኖሮ ላይቀደድ ይችል ነበር። አብዛኞቹ ልጆች በጊዜ ሲመጡ በታች በኩል አየር ተነፍቶ የገባው አንጀት ተገፍቶ ይወጣል። በማግስቱ ቤታቸው ይሄዳሉ። ጠባሳም የላቸውም። ይህን ጥያቄ ገና ሳትጠይቀኝ ስንት ቀን ፈርቼው ነበር።

ግን ሃይሚ ላይ አትፍረድ። የአንተ ካምፕ ምግብ አብሳይ አለው፤ እሷ ከሚድ ሲቲ ተነስታ ልጇን አዝላ፣ በፒኮ አውቶቡስ መጥታ፣ ስድስት ቀን የምትሠራ ሴት ናት። ገሊላ ሬስቶራንቱ ውስጥ ነው ያደገችው። ከሽንኩርት ማስቀመጫው አጠገብ የእሷ አልጋ አለች። ሃይሚ የልጇን ለቅሶ ከሌላው ልጅ ለቅሶ ብቻ ሳይሆን የረሃቡን ከእንቅልፉ፣ የእንቅልፉን ከቁጣው ትለያለች። እኔ ስምንት ዓመት ሕክምና ተምሬ ያን አልችልም። አንድ ነገር ሲሆን ከማንም ቀድማ ታውቃለች። እሁድም አውቃለች።

ከደብዳቤህ በኋላ በቴክስት ላስከተልካት ጥያቄ፦ አዎ፣ እሁድ እኔም እዚያው ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሁላችንም እዚያ ነበርን። ገሊላንም አይቻታለሁ። ተኝታ ነበር። ደህና ትመስል ነበር።

እስካሁን የጻፍኩልህ ሁሉ እውነት ነው። ሃይሚን ግን አትውቀስ፣ እባክህ። ስለ እኔ ብለህ አትውቀሳት።

ናዝራዊት

ቦንጋ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዝ፤

ከልጅነትሽ ጀምሮ ለሌላው መሟገት ትወጂያለሽ። ጎረቤት ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር አንቺ ነበርሽ የምታለቅሺው። አሁንም ስለ ሃይሚ ታለቅሻለሽ። እሷ ግን አንቺን የሚያህል ሐኪም አጠገቧ ተቀምጣ ልጄ አሟታል ሳትልሽ ቀረች። ተኝታ አየሻት፣ ደህና መሰለችሽ፤ ምን ታደርጊ? ብትነግርሽ ኖሮ አንቺ ዝም ትይ ነበር? ሰርክ ነግራኛለች፣ በዚያች ሰኞ ሆስፒታሉ ውስጥ ባትኖሪ ልጄን አጥቼ ነበር። አንቺ ግን ይህን እንኳ አልነገርሽኝም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነሽ።

የልጆችን አያያዝ የምትመረምር፣ ሶሻል ወርከር የሚሏት ሴትዮ ቤታቸው እንደሄደች ሰምቻለሁ። የሕክምና ወረቀቱ ላይ «እናት ሕፃኗን ዘግይታ አመጣች» ተብሎ ተጽፏል አሉ። መንግሥት ሳይቀር የመሰከረባትን እኔ ምን ብዬ ላስተባብል?

ስለዚህ የወሰንኩትን ስሚ። እኔ እስክመጣ ድረስ ገሊላ አንቺ ዘንድ ትሁን። ኮሪያታውን ያለው ቤትሽ ጠባብ ነው አትበይኝ፣ እሷ ምን ቦታ ትይዛለች? ሞግዚት ፈልጊ፣ እኔ እረዳሻለሁ። ለሃይሚም ይህንኑ ጽፌላታለሁ። አልመለሰችም። መልስ የላትማ።

በዚህ ምድር ላይ ልጄን የማምነው አንቺን ብቻ ነው። ይህን በፊትሽ ብነግርሽ ታፍሪ ነበር፤ በጽሑፍ ስለሆነ አንብቢው።

ወንድምሽ

ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፤

አይሆንም።

ሥራዬ ፈረቃ ነው፣ ቤቴም አንድ ክፍል ነው ብዬ ጽፌ አጠፋሁት። ምክንያቱ እሱ አይደለም። ገሊላን ከሃይሚ አትውሰዳት። ለሃይሚም እንዲህ ያለ ነገር ደግመህ አትጻፍላት። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፣ ዛሬ ግን አቃተኝ። ይቅር በለኝ።

ናዝ

ቦንጋ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዝ፤

ስትደብቂኝ አጭር ነው የምትጽፊው። ትምህርት ቤት ፈተና ስትወድቂም እንደዚሁ ነበርሽ፣ ስድስት መስመር።

ለሃይሚ ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ነው። ልጄን የማታስረክብ ከሆነ የጀመረችልኝን የመምጫ ወረቀት ትተወው፣ እኔም አልመጣም፣ ትዳሩም እዚህ ላይ ይብቃ ይላል። ዛሬ ልልከው ነበር፤ የአንቺ «አይሆንም» አስቆመኝ። እስከሚመጣው ቅዳሜ እጠብቃለሁ። የምታውቂው ነገር ካለ ጻፊ። ከሌለ እልከዋለሁ።

ይልቃል

ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፤

ደብዳቤውን ቅደደው። ቀድሞ ቅደደውና ከዚያ ይህን አንብብ።

እሁድ ዕለት ሃይሚ ነግራኛለች። ከማንም ቀድማ ለእኔ ነው የነገረችኝ። ልጇን ዘግይታ ያመጣቻት እኔ ስላዘገየኋት ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ኪሴ ውስጥ የምትገባ፣ የወንድ ጺም መላጫ የምታህል አልትራሳውንድ አለችኝ። ስልኬ ላይ ትሰካለች፣ ሥዕሉ ስልኩ ላይ ይመጣል። ለመለማመጃ ብዬ ነው የገዛኋት። ከሆስፒታል ውጭ ሰው እንዳላይባት ተነግሮኛል፣ ፈርሜያለሁም። ግን አንተ እዚህ ያለውን ሰው አታውቀውም። ከቅዳሴ በኋላ አንዱ እጄን ይዞ «እስቲ ይቺን ነገር እይልኝ» ይላል። ጋሼ አድማሱ የሐሞት ጠጠራቸውን ያየሁላቸው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፣ የታክሲያቸው ወንበር ላይ አጋድሜያቸው። ሆስፒታል ሲሄዱ እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ተራ ይያዝልኛል። እምቢ ማለት አልቻልኩም እልህ ነበር፤ እውነቱ ግን ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ሻንጣ ይዤ ስመጣ ያዘነልኝ ሰው ሁሉ «ዶክተራችን» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የቅበላ ዕለት ምሳ ላይ ሃይሚ መጣች። ጃኬቷን ለብሳ፣ ገሊላን ታቅፋ ነበር። «ናዝዬ፣ ልጄ ልክ አይደለችም። ሁለቴ እንዲህ ሆነችብኝ። ኡበር ኮል አድርጌያለሁ፣ ኢመርጀንሲ ልወስዳት ነው» አለችኝ። የሬስቶራንቱ ባለቤት እትዬ ታደለች ከኋላዋ ደረሰች። «ኦኬ ቆይ እስቲ፣ ሰባት ሰዓት ዌይት ከምታስደርጊያት ዶክተራችን እዚሁ የለች እንዴ? ናዝዬ፣ በዚያች ነገር እስቲ ቼክ አድርጊልን» አለች። ሃይሚ እኔን አየችኝ። እኔም «ኡበሩን ካንስል አድርጊው» አልኩ።

ከወጥ ቤቱ በስተኋላ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ገባን፣ ሦስታችን ከልጅቷ ጋር። ሆዱ ላይ የሚቀባው ጄል አልነበረኝም፣ እትዬ ታደለች የወይራ ዘይት አመጣች። ገሊላ ተኝታለች። ሕመሙ ያረፈበት ሰዓት ነበር፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ስለዚያ እረፍት እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩልህ አስታውስ። በግራ አየሁ። መሀሉን አየሁ። ወደ ቀኝ ጎኗ ስሻገር ፊቷን አኮማትራ እጄን በእግሯ ገፋችኝ። እትዬ ታደለች «ኧረ ተያት፣ እንቅልፏን አትበጥብጪባት» አለች። እጄን አነሳሁ።

ቀኝ ጎኗን አላየሁትም። ይህ ሕመም የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ይህን ለተማሪዎች ሳይቀር አስተምራለሁ። «ያላያችሁትን አላየንም በሉ» እላቸዋለሁ። ለሃይሚ ግን አላየሁም አላልኳትም። «ምንም የለም፣ ጋዝ ነው» አልኳት። ውጭ ሰው እየጠበቀኝ ነበር፣ ትሪው ቀርቦ ነበር፣ እኔም ሐኪም ሆኜ ተቀምጬ መብላት ፈልጌ ነበር። ሃይሚ ጃኬቷን አውልቃ ሽርጧን አሰረች።

በዚህ አላበቃም። ሰኞ ጠዋት አራት ጊዜ ደወለችልኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ስልኬ ሎከር ውስጥ ነበር። ለምሳ ስወጣ ቴክስቷን አየሁት። «አሁንም እየመጣ ያማታል፣ አስመለሳት፣ ላምጣት?» ይላል። መልሴን እስካሁን አላጠፋሁትም፣ እዚህ ላይ ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ። «ትናንት አይቻታለሁ እኮ ሃይሚዬ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጫት።» እንግዲህ ሥራ ነበረብኝ ያለችህ ሴት ልጇን ይዛ ትሪ ስታመላልስ የዋለችው በእኔ ቃል ነው።

ማታ ላይ እኔ ያለሁበት ሆስፒታል አመጣቻት። ገሊላ አታለቅስም ነበር፤ የማያለቅስ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሥራ ቤት ሁሉም ያውቃል። ዶክተር ሲሞን አልጋው አጠገብ ቆሞ የአልትራሳውንዱን መመልከቻ ቀኝ ጎኗ ላይ አሳረፈ። ምንም ሳይናገር ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ክቡ እዚያው ነበር፣ እጄን ካነሳሁበት ቦታ።

ከዚያ ወደ ሃይሚ ዞሮ ሕመሙ መቼ ጀመራት፣ ለምን ቆያችሁ አላት። ሃይሚ ወደ እኔ ዞረች። በአማርኛ «ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ወንድምጋሼ፣ ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው አልነበረም። «እውነቱን ንገሪያቸው» ማለት ሦስት ሴኮንድ አይፈጅም ነበር። ዝም አልኩ። ስክሪኑን የማይ መስዬ ዝም አልኩ። እሷም ትንሽ ጠብቃኝ፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሷ አፍ፣ «ሥራ ላይ ነበርኩ» አለች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይሄ ነው። ሶሻል ወርከሯን የላከባት ይሄ ነው። ለአንተ የደገመችልህም ይሄንኑ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳለች በሦስተኛው ቀን ጠየቅኳት። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነበርን። «አንቺን ቢያባርሩሽ የይልቃልን ወረቀት ማን ስፖንሰር ያደርጋል?» አለችኝ። የእሷ ገቢ እንደማይበቃ፣ ፎርሙ ላይ አብሬያት የፈረምኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። «እኔን ቢበዛ ይቆጡኛል፣ አንቺን ግን ሥራሽን ይወስዱብሻል፣ ሶ በቃ፣ ተይው» አለች። አቅፌ አለቀስኩባት። እሷ አጽናናችኝ። አየህ፣ እሷ እኔን። እትዬ ታደለችንም ዝም ያሰኘቻት እሷው ናት።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሰው እየመጣ ግንባሬን ሳመኝ፣ «ልጅቷን አዳንሻት» እያለ። ሃይሚ አጠገቤ ቆማ ነበር። ማንም እሷን አልሳማትም። «አይ፣ እንዲህ አይደለም» ለማለት አፌን ከፍቼ «ተመስገን» ብዬ ዘጋሁት። አንተም ክፉ ደብዳቤ ጽፌላታለሁ ስትለኝ፣ ምን ብለህ እንደጻፍክ ሳልጠይቅ አለፍኩ። መስማት አልፈለግኩም። «ስለ እኔ ብለህ አትውቀሳት» አልኩህ፣ ደግ ሰው መስዬ። ልጅህን ከእናቷ ነጥለህ ለእኔ ልትሰጠኝ ስትል ነው የነቃሁት። እስከዚያ ድረስ ይህ ነገር ሳልናገረው ቀስ ብሎ ያልፋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ዶክተር ሲሞን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ጻፊው አለኝ፣ ጻፍኩት፣ ቴክስቱንም አያያዝኩበት። የሕክምና ወረቀቱ ይታረማል፤ ለሶሻል ወርከሯም እሱ ራሱ ይደውላል። እኔ ጉዳዬ እስኪታይ ከሥራ ታግጃለሁ። ሊመልሱኝ ይችላሉ፣ ላይመልሱኝም ይችላሉ። ካልመለሱኝ የአንተ ወረቀት ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሃይሚ ልታድንልህ የፈለገችውን እኔ አፍርሼብህ ሊሆን ይችላል። ለእሷም ከቢሮው ወጥቼ ነገርኳት። «እኔን ሳትጠይቂ?» ብቻ አለችኝ። በሩን ግን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፣ ልጅቷ ተኝታ ስለነበር።

ይቅርታህን አልጠይቅም። መጀመሪያ የእሷን ልትጠይቅ ይገባሃል፣ እኔም ከአንተ በፊት።

ናዝራዊት

ቦንጋ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዝ፤

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ለሃይሚ የጻፍኩትን ቀደድኩት። መልስ ልጽፍልሽ ቁጭ ብዬ አልሆነልኝም፣ ካምፕ ተመለስኩ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ስለካ ቁጥር እየተሳሳትኩ ረዳቴን አስለፋሁት።

ለጻፍሽልኝ ነገር ሁሉ በቅደም ተከተል መመለስ አልችልም። ዛቻዬን ብቻ አንስቻለሁ፤ ልጅ ይወሰድ የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም። ወረቀቱ ከተበላሸም ይበላሽ፣ እዚህ ያለው መንገድ አላለቀም፣ እሠራለሁ።

አንቺን ልቆጣሽ ፈልጌ ነበር። ዕውነቴን ነው፣ የምችለውን ያህል ሞከርኩ። ገሊላ ሆድ ላይ ያለውን ጠባሳ እያሰብኩ፣ ያን የወይራ ዘይት እያሰብኩ፣ «ውሃ ስጫት» ያልሽውን እየደጋገምኩ። ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ደብዳቤሽን ገና ግማሹን ሳላነብ፣ እጄን አነሳሁ ያልሽበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ «ደክሟት ነው፣ ሰው አስቸግሯት ነው፣ ልጅቷ ገፍታት ነው» ማለት ጀምሬ ነበር። ሰው ሳይጠይቀኝ፣ መኪናው ውስጥ ለብቻዬ፣ ጠበቃሽ ሆኜ ቆምኩ። ለሃይሚ ግን አንድም ምክንያት አልፈለግኩላትም። ሁለት ቃል ተናገረች፣ በሁለቱ ቃል ፈረድኩባት። መቼ አልኳት፣ ለምን ዘገየሽ አልኳት፣ እንደ ፖሊስ መረመርኳት። ምን ሆናችሁ ነበር፣ አንቺስ እንዴት ነሽ፣ ሰው አጠገብሽ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ለእኔ መምጣት ብላ አፏን የዘጋችውን ሴት አደራ በላሽ አልኳት።

ስለዚህ አንቺን ይቅር ማለት ለእኔ ከባድ አይደለም። ደሜ ነሽ፣ ያሳደግኩሽ ነሽ፣ ይቅርታው ሳልፈልገውም መጥቷል፤ ያን ነው ያፈርኩበት። አሁን የማልረባው እኔ ነኝ። ሽማግሌ አትላኪላት፣ አንቺም አትለምኝልኝ። የእኔን እኔ ልለምን።

ዛሬ ከቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ላይ፣ እዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ ደወልኩላት። ብዙ ጠርቶ አነሳችው። የገሊላ ድምፅ ከኋላ ይሰማል፣ ማንኪያ በሆነ ነገር ላይ ትመታለች። የተለማመድኩት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። «ሃይሚ፣ እሁድ ዕለት ምን ሆነ?» አልኳት።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለችኝ።

ስልኩን ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልዘጋችውም። ልጃችን ማንኪያዋን እየመታች፣ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን፣ የስልኬ ሒሳብ እስኪያልቅ ድረስ ቆየን።

ይልቃል